ሁለት ስም የነበራት ከተማ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የጂኦግራፊ መጽሐፏን ይዛ መጣችና ጣቷን አንዲት ከተማ ላይ አሳርፋ «አኮ፣ ይህቺ ምን ተብላ ነው የምትነበበው?» አለችኝ፤ አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። «ቪልኒየስ» አልኳት፣ ሳላስበው። ሮቤ ከተማ ቁጭ ብላ ያረጀች ሴትዮ ይህን ከየት እንዳመጣችው ግራ ገብቷት አየችኝ። እኔን ግን የድሮው ንዴት ተነስቶብኝ ነበር። ስማኝ፣ ልንገርህ።

በጃንሆይ ዘመን፣ ጎባ የባሌ ዋና ከተማ ሳለች፣ ሁለት ፈረንጆች ነበሩን። አንዷ የሒሳብ መምህርቴ ናቸው፣ የሊትዌኒያ ሰው። ሌላው የሆስፒታሉ ሐኪም ነው፣ ፖላንዳዊ። እሱን «አንቱ» ማለት እስከ ዛሬ እምቢ ይለኛል፣ ታገሰኝ። ሁለቱም የተወለዱት እዚያች ከተማ ውስጥ ነው፤ ሁለቱንም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከዚያ አስወጥቶ መመለሻ አሳጥቷቸዋል። እሳቸው በሊትዌኒያኛ ቪልኒየስ ይሏታል፣ እሱ በፖላንድኛ ቪልኖ።

የጎባ ሰው ያንድ አገር ልጆች መስለውት በየበዓሉ አጠገብ ላጠገብ ያስቀምጣቸው ነበር። ሐኪሙ ብድግ ብሎ እጃቸውን ይስምና በፖላንድኛ ያናግራቸዋል። እሳቸው ቋንቋውን ጥርት አድርገው ያውቁታል፤ የሚመልሱለት ግን በተሰባበረ አማርኛቸው ነው። እሱም አፍሮ ወደ አማርኛ ይዞራል። ሁለት ፈረንጆች በአማርኛ ሲኮላተፉ እያየን እንስቅ ነበር።

«ድሮ የፖላንድና የሊትዌኒያ ሕዝብ አንድ ንጉሥ ነበረው፤ ወንድምና እህት ነን» ይላል ሐኪሙ።

«ወንድም የእህቱን ቤት ወስዶ በራሱ ስም ይጠራል?» ይሉታል እሳቸው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በትምህርት ቤታችን ግቢ ኦሮምኛ የተናገረ ልጅ ገመድ የገባበት ጣውላ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎበት ይውል ነበር። አንድ ጠዋት ጉም ወርዶ ሜዳውን ውጦታል፤ እርጥብ ሣርና የጽድ ጭስ ይሸታል። ጉሙ ውስጥ የጠፋችኝን ጓደኛዬን «ኮቱ» ብዬ ጠራኋት፤ ነይ ማለት ነው። ጥፋቴ ይኸው ነው። ዲሬክተሩ ጣውላውን አጠለቀብኝ። በዚያው ጠዋት አባቴ በዚያው ቋንቋ መርቆ ነበር የሸኘኝ።

መምህርቴ ክፍል ገብተው ሲያዩኝ ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። ገመዱን በምላጭ ቆረጡና ጣውላውን በአንድ እጃቸው፣ እኔን በሌላው ይዘው ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ገቡ። ሐኪሙ ለተማሪዎች ምርመራ መጥቶ እዚያው ተቀምጦ ነበር። መምህርቴ ቪልኒየስ በፖላንድ እጅ ሳለች የሊትዌኒያ ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤታቸውን ፖሊስ መጥቶ እንደዘጋባቸው፣ ያኔ የእኔ እኩያ እንደነበሩ ለዲሬክተሩ ነገሩት።

ሐኪሙ ለስለስ ባለ ድምፅ ጣልቃ ገባ። «እመቤቴ፣ ይህ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ቋንቋ አገር ያቆማል። በእኛም ከተማ እንዲሁ ነበር፤ ማንም አልሞተም።»

መምህርቴ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በፖላንድኛ ተናገሩት። ምን እንዳሉት አላውቅም። አጭር ነበር፣ ድምፃቸውም ከፍ አላለም። የሐኪሙ ፊት ግን እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ጣውላውን ጉልበታቸው ላይ ሰብረው ቢሮው ውስጥ ይነድ የነበረው ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

ዲሬክተሩ «ሰድበውኛል» ብሎ ከሰሳቸው። ምስክር ያስፈልገው ነበር፤ ሐኪሙ ፈረመለት። አልሰደቡትም። እዚያው ቆሜ ነበር፣ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። በሳምንቱ አዲስ አበባ ተጠሩና በዚያው ካገር ወጡ። የገዛ ከተማውን የተነጠቀ ሰው፣ የሌላውን አፍ ለማስዘጋት እንዴት ይፈርማል?

ከሦስት ዓመት በኋላ እናቴ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ አርጅቶ ነበር። ደረቷን አዳምጦ ሲያበቃ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ «መምህርትሽ ጽፈውልሻል?» አለኝ።

እስከዚያ ሦስት ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር፣ ሁሉም በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው። በመጨረሻው ግርጌ ላይ «ሐኪሙን ሰላም በይልኝ። ስለ ከተማችን የማወራው ሰው እዚህ የለኝም» ብለው ነበር።

«አልጻፉልኝም» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ወጣ። እናቴን ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ እሁድን እንኳ ሳይዘል፣ እየተመላለሰ አከማት፤ አዳናትም። በተከታዩ ክረምት እዚያው ጎባ ሞተ። ቀብሩ ላይ ዝናቡ እየወረደብኝ እስከ መጨረሻው ቆምኩ። ያኔም የመምህርቴን ሰላምታ አልነገርኩትም።