ፀሐይቱ ያላስነሳቻቸው ሽማግሌ

ፀሐይቱ ናዝሬት ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም በማይርቀው የአቶ ገሠሠ ቡና ቤት አስተናጋጅ ነበረች። ቀጠን ያለች፣ ንግግረ ቁጥብ፣ ጠርሙሶቹን በአንድ እጇ ሰብስባ በጠረጴዛዎቹ መሀል ስታልፍ ማንንም የማትነካ ሴት። እኔ እዚያው ፊት ለፊት ልብስ ሰፊ ነበርኩና የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቢራ እንደ ስኳሩ በኮታ የሚታደልበት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሳምነው የሚባል የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ አባቱን ይዞ ገባ። አባቱ ኦቦ ፈይሳ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከሁሩታ የመጡ ገበሬ ናቸው። በዕድሜያቸው ጠላና አረቄ እንጂ ቢራ ቀምሰው አያውቁም፤ ልጁ ቀዝቃዛ ቢራ ሊጋብዛቸው ብሎ ነው ናዝሬት ድረስ ያመጣቸው። ፀሐይቱ "አካም ጅርቱ፣ አባባ!" ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበለቻቸውና ነፋስ ከሚገባበት መስኮት አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

ቢራው ሳይቀርብ የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት ሰዎች ጋር ደረሰ። አቶ ገሠሠ ከባንኮኒው ጀርባ ተስፈንጥሮ ወጣ። የሞላውን ቤት ቃኘት አደረገና ዓይኑ ሽማግሌው ላይ አረፈ።

"እነዚህን አስነሺልኝ። ጓሮ፣ ሳጥኖቹ ጋ ይቀመጡ" አላት።

"ቀድመው የመጡ ናቸው እኮ፣ ጋሼ።"

"አስነሺ አልኩሽ!"

ኦቦ ፈይሳ አማርኛው እምብዛም ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል። ዱላቸውን ይዘው ብድግ ሊሉ ሲሉ ፀሐይቱ ትከሻቸውን ያዝ አደረገች።

"ይቀመጡ፣ አባባ" አለች። ወደ ጌታዋ ዞራም፣ "እኔ ያስቀመጥኩትን እንግዳ እኔ አላስነሳም፣ ጋሼ።"

ሊቀመንበሩ ቆሞ ያያል፤ ያን ጊዜ የእሱ ሳል እንኳ ያስፈራ ነበር። አቶ ገሠሠ ራሱ ሄዶ የሽማግሌውን ወንበር ከኋላ ነቀነቀው። እሳቸው ተነሱ። ፀሐይቱ ሽርጧን ፈታ ባንኮኒው ላይ ጣለችና፣ "ኑ፣ ቤቴ እንሂድ" ብላ አባትና ልጁን ይዛ ወጣች። እኔም ሱቄን ቆልፌ ተከተልኳቸው።

ቢራ ፍለጋ ሰፈሩን ብዞር የለም። ጎረቤቷ ዘውድነሽ ጠላ ጠምቃ ስለነበር በጣሳ አመጣችልን። አሳምነው አንገቱን ደፍቶ፣ "አባቴን አዋረድኩት" ይላል። ኦቦ ፈይሳ ግን ጠላውን ጎንጨት አሉና በኦሮምኛ፣ "የመስኮቱ ነፋስ ደስ ይል ነበር" ብለው ሳቁ፤ እኛንም አሳቁን። ሲሄዱ ፀሐይቱን "ገለቶማ" እያሉ ደጋግመው አመሰገኗት፤ መረቋትም።

ከዚያ በኋላ የቀጠራት ቡና ቤት የለም። ሊቀመንበሩ ፊት እንቢ ያለችውን ማን ደፍሮ ያስጠጋት? በሯ ላይ መኪና ሲቆም ልቧ ድንግጥ ይል እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። ግን ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ከዘውድነሽ ጋር ሆና በዚያችው አንድ ክፍሏ ጠላ መሸጥ ጀመረች። የቢራ ኮታ ቀበሌውን ጠይቃ ነበር፤ ከለከሏት፤ ደግማ አልጠየቀችም።

የደንበኞቿን አግዳሚ ወንበሮች አናጢ ለምና ነው ያሠራችው። ወደ ሻሸመኔ የሚወርዱ ሾፌሮች፣ የወንጂ ሠራተኞች፣ አንዳንዴም ከረባት ያሰረ ሹም ይመጣሉ። ቦታ ሲሞላ ለሁሉም ያው ነው፤ "ትንሽ ይታገሱ፣ ሲለቀቅ እጠራዎታለሁ" ትላለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። አኩርፎ የሄደ አለ። አብዛኛው ግን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

አንድ ክረምት ማብቂያ ላይ ወባ ጣላት። ዘውድነሽም ለቅሶ ሄዳለች። ቤቱ ተዘግቶ ይሆናል ብዬ ብመጣ ክፍት ነው፤ ፀሐይቱ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታለች፣ ደንበኞቿ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ራሳቸው እየቀዱ ይጠጣሉ። አንድ ግዙፍ የከባድ መኪና ሾፌር እጅጌውን ሰብስቦ ብርጭቆ ያጥባል።

"ምን ቆመሃል?" አለኝ በሹክሹክታ። "ግባና ተራህን ጠብቅ፤ ቦታ ሲለቀቅ እጠራሃለሁ።"