ከጣባው ሥር ያለው አሻራ

ልጅ ሳለሁ፣ ከጨንቻ በላይ ባለው መንደራችን ጉሙ መውረድ ሲጀምር አክስቴ ታደለች ሸክላዋን ትተኩስ ነበር። የደረቁትን ማሰሮዎችና ጣባዎች ሜዳ ላይ ደርድራ፣ በሣርና በቀርከሃ ፍልጥ ሸፍና እሳት ትለኩስባቸዋለች፤ ያኔ እኛ ልጆች ፊታችን በፍሙ እየጋለ፣ ጀርባችን በብርድ እየተቆረጠመ ዙሪያዋን ተቀምጠን ተረት እንጠብቃለን። ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለውም የሚነሳ አልነበረም።

ከሁሉ የምወደው የተጠማውን ንጉሥ ተረት ነበር። የሰው እጅ ያልነካው ዕቃ ካልመጣልኝ ውሃ አልጠጣም ይላል። ቅሉን ገበሬ ቀጥፎታል፣ ቀንዱን አራጅ ነክቶታል እያለ ሁሉንም ይመልሳል። በመጨረሻ ጥሙ ሲብስበት ወንዝ ዳር እንደ በሬ ተንበርክኮ ሲጠጣ ዘውዱ ውሃው ውስጥ ይወድቃል። «ዘውዱን ማን አወጣለት?» ትለናለች አክስቴ። «ጭቃ ስትቆፍር የነበረች ሸክላ ሠሪ!» ብለን እንጮሃለን። ተረቱ ስለ እኛ፣ ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ፣ መሆኑን ግን ያኔ አላወቅሁም።

ያወቅሁት በጋሽ ሻንካ ቤት ነው። ጋሽ ሻንካ የታወቁ ሸማኔ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የታምራት አባት ነበሩ። በመንደራችን ሸክላ ሠሪ የሠራው ዕቃ ይገዛል፤ ሸክላ ሠሪ በበላበት ዕቃ ግን ሌላ ሰው አይበላም። ታምራት ይህን ረስቶ በቤታቸው ጣባ ወተት ሰጠኝ። ጠጥቼ ሳልጨርስ አባቱ ገቡ። አልተቆጡም። ጣባውን ከእጄ ተቀብለው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ከእንሰቱ ሥር ድንጋይ ላይ ሲከሰክሱት ሰማሁ። ጣባውን የሸጠችላቸው አክስቴ ነበረች።

እያለቀስኩ ስመለስ አላባበለችኝም።

«ስባሪው የት አለ?»

«ጓሯቸው።»

«ሂድና አምጣው።»

ጋሽ ሻንካ በር ላይ ቆመው እያዩኝ አንድ በአንድ ለቅሜ በሸሚዜ ቋጥሬ መጣሁ። አክስቴ ስባሪውን ፈጭታ፣ ነፍታ፣ ከአዲስ ጭቃ ጋር ለወሰችው። የተፈጨ ስባሪ ያልገባበት ጭቃ እሳት ላይ እንደሚሰነጠቅ ያኔ ነው የነገረችኝ። ከዚያ ጭቃ በሠራችው ጣባ ሥር አውራ ጣቷን ተጫነችበት፤ ከዚያ ወዲህ ያለ አሻራዋ የወጣ ሥራ የላትም።

እኔ ተማርኩ፣ ተመረቅሁ፣ አርባ ምንጭ ቢሮ ገባሁ። ዲግሪዬ ያንን የመሰበር ድምፅ ከጆሮዬ አላወጣውም።

በቅርቡ በከተማው በሲቀላ ሰፈር አንዲት ቬትናማዊት፣ የአገራችንን ልጅ አግብታ የመጣች፣ አምስት ጠረጴዛ ያላት የሾርባ ቤት ከፈተች። በዝንጅብልና በቀረፋ የተንተከተከ የአጥንት መረቅ ውስጥ ቀጭን የሩዝ ፓስታና ስስ ሥጋ ይገባል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ዳጣውን፣ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ማባያ፣ ካልጨመረበት አይበላም። የላስቲኩ ሳህን ሙቀት አልይዝ ብሏት ስታማርር ከአክስቴ ጋር ያገናኘኋት እኔ ነኝ። ዛሬ የከተማው ሰው መረቁን የሚጠጣው በአክስቴ ጣባ ነው።

አንድ ቅዳሜ ቀን አክስቴ አዳዲስ ጣባዎች ይዛ ወረደችና አብረን ልንበላ ተቀመጥን። የመብያ እንጨቶቹን አገላብጣ አይታ «ይሄስ ሸማኔ ይፈልጋል» ብላ ሳቀች፤ በሹካ በላች። ገና እንደ ጨረሰች ጋሽ ሻንካ ከልጅ ልጃቸው ጋር ገቡ። አርጅተዋል። ሌላ ቦታ ስላልነበረ ከእኛ ጋር ተቀመጡ። ጣባ አልቆ ነበር፤ አዲሶቹ ገና አልተሟሹም። አስተናጋጇ አክስቴ የበላችበትን ጣባ አንስታ፣ ፊት ለፊታችን ባለው ቧንቧ አጥባ፣ መረቅ ሞልታ ጋሽ ሻንካ ፊት አስቀመጠችው።

ከማን ፊት እንደተነሳ አይተዋል። ማየታቸውን አየሁ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ። ስንት ዓመት ሳዘጋጀው የኖርኩት ንግግር አፌ ላይ ሲደርስ አክስቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

«አባባ፣ ይቀዘቅዛል እኮ» አለች የልጅ ልጃቸው።

«ታደለች፣ ይቺ ያንቺ ሥራ ናት?» አሉ ጋሽ ሻንካ።

«ምልክቱ ከሥሯ ነው። ጨርሰው ይገልብጧት።»

ዳጣ አስመጡ። ጣባውን በሁለት እጃቸው አንስተው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጡ። ከዚያ ገልብጠው አሻራውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርገው መለሱት። ይቅርታ አላሉም። እኔም ይቅር አላልኩም።

ልጅቷ አሻራው የማን እንደሆነ ስትጠይቅ አክስቴ አውራ ጣቷን አሳየቻትና ስለ ተጠማው ንጉሥ ታወራላት ጀመር። ጋሽ ሻንካ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። አክስቴ «ዘውዱን ማን አወጣለት?» ያለች ጊዜ ልጅቷ ወደ አያቷ ዞረች፤ የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ያኔ ፍሙ ዳር በምጮህበት ድምፅ። ቤቱ ሁሉ ሹካውን ይዞ ዞሮ አየኝ። ከልጅነቴ ብዙ ነገር ጠፍቶብኛል፤ ያ መልስ ግን አልጠፋብኝም፣ ደግሜም ብጠየቅ ድምፄን ዝቅ አላደርግም።