የአባ ገብረ መስቀል ግዝት

የዚያን ዕለት ቤታችን የነበርነው እነዚህ ነን፦ የንስሐ አባታችን አባ ገብረ መስቀል፣ የጽዋ ማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው ሻምበል በላይ፣ አባቴ ታደሰ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ጋሼ ወርቁና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች፣ እናቴ፣ እህቴ እጅጋየሁና እኔ። ባለፈው ቅዳሜ ቃሊቲ ገበያ ውስጥ ሳልፍ የእርጥብ ጌሾ ሽታ ቢያቆመኝ፣ አንድ በአንድ በስማቸው የጠራኋቸው እነዚህን ነው።

ማኅበሩ የአቦ ስለነበር ወር በገባ በአምስተኛው ቀን እንሰበሰባለን። ተራው የኛ ሲሆን ቤቱ ከዋዜማው ጀምሮ ጠላ ጠላ ይሸታል፤ አልጋው ተነቅሎ ጓሮ ይቆምና አግዳሚ ወንበር ከጎረቤት ይገባል፤ ጽዋው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ስለሚቀመጥ እኔና እጅጋየሁ በአጠገቡ ስናልፍ ትንፋሻችንን እንይዛለን። አባቴና ጋሼ ወርቁ አንድ ክር ፋብሪካ በአንድ ፈረቃ የሠሩ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው በግድግዳው ማዶ «ይማርህ» የሚል ሰዎች ነበሩ። ያን ክረምት ግን ከእነ ጋሼ ወርቁ ጓሮ የወረደ ጎርፍ ቤታችን ገብቶ ተኳረፉ።

ተራው የኛ በሆነበት በዚያ ዕለት፣ አባ ሁለቱን ታረቁ አሏቸው። ሁለቱም እንቢ አሉ። ሙሴው ለመኗቸው፤ አሁንም እንቢ። በመጨረሻ አባ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡና፣ «እኔው መጥቼ እስክፈታችሁ ድረስ አንዳችሁ የአንዳችሁን ደጃፍ እንዳትረግጡ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቻችኋለሁ» አሉ። ጋሼ ወርቁ ጠላቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። እናቴ ስትሸኛቸው አባ ፈገግ ብለው፣ ለሳምንት ያህል ይነፋፈቁ ብዬ ነው እንዳሏት ኋላ ነገረችን።

አባ በማግስቱ ለእናታቸው ተዝካር መንዝ ሄዱ። እዚያው ታመው ዐረፉ።

ኩርፊያው ክረምቱን እንኳ አልተሻገረም። ሁለቱ ከመንገዱ ላይ ሆነው አዲስ ቦይ አብረው ቆፈሩ። ግዝቱ ግን አለ። ከዚያ ወዲያ ወዳጅነታቸው ሁሉ ከደጅ ቀረ፤ የፋሲካው ዶሮ ለጋሼ ወርቁ በሳህን ይላክላቸዋል እንጂ እሳቸው አይመጡም፤ ኳስ ሲተላለፍ አባቴ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ ያወጣና ጋሼ ወርቁ እንዲሰሙት ሠፈሩን ሁሉ ያደነቁራል።

በአባ ምትክ የመጡት ወጣት ቄስ እኔ እፈታችኋለሁ ብለው ነበር። ጋሼ ወርቁ እሺ አሉ። ሻምበል በላይም፣ አባ ሰው ናቸው፣ ተቆጥተው ነው አሉ። እናቴ ደግሞ ሥልጣኑ የእግዚአብሔር እንጂ የአባ የግላቸው አይደለም፣ አንዱ ካህን ያሰረውን ሌላው ይፈታዋል እያለች አባቴን ጨቀጨቀችው።

አባቴ፣ «የአባ ቢሆንማ መች እፈራው ነበር?» አላት።

የሞተ ሰው ቃል በሌላ አፍ ማስፈታት ቃሉን ማቅለል መሰለው። ጋሼ ወርቁም እሱን ትተው ብቻቸውን ሊፈቱ አልወደዱም።

ጋሼ ወርቁ የታመሙ ጊዜ አባቴ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ዳር በሚያየው መስኮታቸው ሥር ቆሞ ያጫውታቸው ነበር። እየዋለ እያደረ የሚሰማው የአባቴ ድምፅ ብቻ ሆነ።

የሞቱ ዕለት ድንኳኑ ጊቢያቸው ውስጥ ተተከለ። አባቴ ነጠላውን አዘቅዝቆ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመ፤ ሰው ግባ ቢለው አልገባም። እትዬ ዘነበች ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ የጊቢውን የቆርቆሮ በር ነቅለው እንዲያነሡት ወጣቶቹን አዘዙ።

«ግባ አልለውም፤ እኛ እንየው፣ እሱም ይየን» አሉ።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ፍትሐት ተደረገ። ወጣቱ ቄስ በአስከሬኑ ላይ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲሉ አባቴ ከሕዝቡ ኋላ በጉልበቱ ተንበረከከ። ጋሼ ወርቁ ተፈቱ። እሱ ይኸው እስከ ዛሬ ብቻውን እንደታሰረ ነው፤ እትዬ ዘነበች አርጅተው ዐይናቸው ሲደክም እንኳ የሚጠይቃቸው ከመንገድ ነው።

የማላውቀው አንድ ነገር አለ። ጋሼ ወርቁ በሚሞቱበት ዋዜማ አባቴ ጆሮውን መስኮቱ ላይ አስጠግቶ ብዙ ቆይቷል። ምን እንዳሉት ብጠይቀው አይመልስልኝም። እትዬ ዘነበች፣ እጅጋየሁ፣ በዚያች መንገድ ያለፋችሁ ሁሉ፣ የሰማችሁት ካለ ጨምሩበት፤ እኔ እዚህ ድረስ ነው የማውቀው።