ባትሪው ይደርሳል፣ እናትህ ደህና ናት?

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ከጨርቅ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ ጮኸ። ከረጢቱ ከአበባማ ጨርቅ ቁራጭ የተሰፋ ነው፤ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ዛሬም ገና ከጥቅሉ የተፈታ የአዲስ ጨርቅ ሽታ አለው። አውጥቼ ሳየው የጻፈልኝ የማላውቀው ሰው ነው። እኔ ደግሞ ከማላውቀው ሰው የመጣ ነገር ቶሎ አልከፍትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ይህን ተረት ካሳደገችኝ አክስቴ አፍ ጠዋት ማታ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። መልእክቱን ሳልከፍት ከረጢቱን እያገላበጥሁ ቁጭ አልሁ፤ አክስቴም በሐሳቤ መጣች። እስቲ ስለ እሷ ላጫውትህ።

አክስቴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። እናቴ ጡት ሳታስጥለኝ ስለሞተች እናት ብዬ የማውቀው እሷን ነው። ጠርጣራነቷ ለጉድ ነበር። ሰው ሱቋ ሲገባ መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ እጁን፣ መጨረሻ ላይ ፊቱን ታያለች። ከዚያ «የማን ልጅ ነህ?» ትለዋለች። መልሱ ካላረካት ፈገግታዋን ትሰበስባለች።

ያኔ እኔ ኮሌጅ እማር ነበር፤ ከትምህርት መልስ ሱቋ እየሄድሁ አብሬያት እቀመጣለሁ። በዚያው ሰሞን የገዛችው ስልክ ባትሪው ቶሎ ቶሎ ያልቅባት ጀመር። «ይቺ ስልክ እኔ ሳላያት ማንን እያናገረች ነው የምትደክመው?» እያለች ስልኳን ራሷን ትጠረጥራት ነበር። ጭቅጭቁ ሲሰለቸኝ እኔ ወደምገባበት ግሩፕ አስገባኋት። የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ስለ ስልክ፣ ስለ ጌም፣ ስለ ጆሮ ማዳመጫ የሚከራከሩበት ግሩፕ ነበር። አንዱ ሉዶ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ይላል፤ ሌላው አንተ ስለምትሸነፍ ነው ይለዋል። ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ይነካል አይነካም በሚል ብቻ የተኳረፉ ሰዎች ነበሩ። የሁሉም ዳኛ ደግሞ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ፎቶ የለው፣ በስሙ ቦታ «ባትሪ» ብሎ ጽፏል።

«እሱን ጠይቂው፣ ይነግርሻል» አልኋት።

አክስቴ መነጽሯን አድርጋ በአንድ ጣቷ ፊደል በፊደል እየለቀመች ጻፈች። ዛሬም ቃሉን አልረሳሁትም። «አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንዴት ናችሁ፣ አፊያ ናችሁ? እናት አባት ደህና ናቸው? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሰላም ነው? አላህ ሁላችሁንም ይጠብቅ።» ላከችና ስልኩን አስቀምጣ ጨርቅ መጠቅለል ጀመረች።

«ጥያቄሽስ?»

«ሰላምታዬን ሳይመልሱ?»

ማንም አልመለሰላትም። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ሰላም ተባብሎ የሚጀምር ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያሻውን ወርውሮ ይሄዳል። አክስቴ ግን ሰላምታዋ ያልተመለሰው ሰዉ ስለበዛ መስሏት፣ አንድ በአንድ ትጠይቃቸው ገባች። አንዱ ስለ አዲስ ጌም ሲጽፍ እሷ ስለ አባቱ ጤና ትጽፋለች። የኮምቦልቻው ልጅ የትኛው ቻርጀር ባትሪ እንደሚያበላሽ በሰፊው ሲተነትን፣ ከሥሩ «ባትሪው ይደርሳል፣ እናትህ ደህና ናት?» አለችው። በማግሥቱም ጠየቀችው። በሦስተኛውም ቀን።

መጀመሪያ ሳቁባት። ቀጥሎ ጠረጠሯት። «ይቺ ሰው አይደለችም፣ ማሽን ናት» አለ አንዱ። «ቤተሰባችሁን የምትጠይቀው ለሌላ ነገር ነው፣ እንዳትመልሱላት» አለ ሌላው። ከሁሉም የመረረው ግን ያ ባትሪ የሚባለው ልጅ ነበር። «የሰው እናት ምን አገባት? አጭበርባሪ ናት፣ ትውጣ!» ብሎ ጻፈ። የግሩፑ አድሚንም እስከ ጁምዓ ማንነቷን ካላሳወቀች እንደሚያስወጣት አስጠነቀቀ።

አክስቴ ያን ቃል መነጽሯን እየጠረገች ደጋግማ አነበበችው። ያን ዕለት ምሳዋን አልነካችም። ሰኞ ገበያ ውስጥ ለአንዲት ሴት ነጋዴ ስሟ ማለት ሱቋ ነው፤ ስሟ ከተነካ መጋረጃዋን ጎትታ ሱቋን ትዝጋ። «ወላሂ፣ ሜትሬ አንድ ቀን አጥሮ አያውቅም» ትላለች፣ እኔ የከሰስኋት ይመስል። «ተያቸው፣ ውጪና ይቅርብሽ፤ ማን ያውቅሻል?» አልኋት።

«አለማወቃቸው አይደል ችግሩ?» አለችና ስልኩን አነሣች። «ሰኞ ገበያ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ከጃንጥላ ጠጋኙ አጠገብ ነኝ። አጭበርባሪ ነሽ የሚለኝ መጥቶ ፊት ለፊት ይበለኝ» ብላ ጻፈች። እኔ ደነገጥሁ። እንዲህ ተብሎ ለማይታወቅ ሰው አድራሻ ይሰጣል? ሌባ ቢመጣስ ብላት «ይምጣ፣ ፊቱን አየዋለሁ» አለች።

ከጁምዓ በፊት ባለው ቀን፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ጥቁር ኮፍያ ያደረገ ወጣት ገባ። ውጭ ያካፋ ነበርና ሱቁን የእርጥብ ጃኬት ሽታ ሞላው። የአንዱን ጨርቅ ዋጋ ጠየቀ፣ ጨርቁን ግን አልነካውም። ጨርቅ ሊገዛ የመጣ ሰው በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ አሸት አሸት ያደርጋል፤ የዚህ ልጅ ዓይን አክስቴ እጅ ላይ ነበር፣ ስልኳን በያዘችበት እጅ ላይ። አክስቴ የገንዘብ ሳጥኗን በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችና በዓይኗ በሩን አሳየችኝ። ሄጄ በሩ ላይ ተገተርሁ። ልጁም አንዴ እኔን አንዴ እሷን እያየ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ። አሁን ሳስበው ሦስታችንም ሌባ ይዘናል ብለን ነው የቆምነው።

አክስቴ ልታዘናጋው ብላ መሰለኝ፣ እንደ ልማዷ ለግሩፑ የከሰዓት ሰላምታዋን መጻፍ ጀመረች። ላከችው፤ የእኔ ስልክ ድምፁ የተዘጋ ነው። የልጁ ኪስ ጮኸ።

አክስቴ ቀና ብላ ኪሱን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ «አፊያ ነህ?» ብላ ጻፈችና ደግማ ላከች። ኪሱም ደግሞ ጮኸ።

«ኪስህ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ እንዴ?» አለችው።

ልጁ ወደ በሩ ዞረ፤ በሩ ላይ እኔ አለሁ። ተመልሶ ወደ አክስቴ ዞረ። «ስለ እናቴ ማን ነገረዎት? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ለካ ባትሪ ማለት እሱ ኖሯል። እናቱ ከአልጋ ከዋለች ከርማለች፤ እሱ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። እናትህ ደህና ናት የምትል አንዲት የማትታወቅ ሴት በየቀኑ ስትመጣበት፣ ሕመሟን የሰማች አጭበርባሪ መስላዋለች። ነገ መድኃኒት አለኝ ትለኛለች ብሎ ሲጠብቅ ነበር የሰነበተው።

«ማንም አልነገረኝ፣ ልጄ» አለች አክስቴ። «ሰው ከሰው ሲገናኝ እናቱን ይጠያየቅ የለም ወይ? ምን ሆነችብህ?»

ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። አክስቴ የምትቀመጥበትን በርጩማ ለቀቀችለት። «አብሽር፣ አብሽር» እያለች ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። እኔም ከበሩ ላይ ተነሣሁ፤ አፈርሁ። ትንሽ ሲረጋጋ «በል አሁን ንገረኝ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለችው። አባቱ ከኮምቦልቻ አለፍ ብሎ ያለችው የሐርቡ ሰው መሆኑን ነገራት። አክስቴ አያቱን በገበያ ታውቃቸው ነበር።

በሳምንቱ ይዛኝ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች፣ ታማሚዋን ልትጠይቅ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ እየመጣ፣ ተሳፋሪው ጋቢውንና ጃኬቱን እያወለቀ ጭኑ ላይ ያኖር ነበር። እሷ አበባማ ጨርቅ ለአልጋ ልብስ ጠቅልላ ይዛለች። የልጁ እናት ከትራሷ ቀና ብለው ገረመሙን። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ። «የስልኳ ሴትዮ ናት፣ እማ» አላቸው። «ከስልክ ውስጥ ሰው ይወጣል እንዴ?» ብለው በጥርጣሬ እጇን ያዙት፣ ሙቀቷንም ዳበሱት። አክስቴ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ልጁ ወደ ጓሮ ወጣ።

ያን ማታ ግሩፑ ላይ «አይቻታለሁ። ሰው ናት» ብሎ ጻፈ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ከሥሩ ያ ስለ ሉዶ የሚከራከረው «የኔም እናት ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። ሌላው የእናቱ ዓይን እየደከመ መሆኑን፣ ሌላው እናቱ ደጋን ከተማ እንዳለችና ካያት እንደቆየ ጻፈ። አክስቴ ሁሉንም አንብባ ስትጨርስ ያን ጊዜ ገና ጥያቄዋን ጠየቀች፤ ስለ ባትሪዋ። ባትሪም «የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሱት፣ እማ» አላት።

«ይኼው ብቻ?» አለችኝ፣ ጠርጥራ።

ከዚያ በኋላ ከጨርቅ ቁራጭ የስልክ ከረጢት እየሰፋች ለግሩፑ ልጆች ትሰጥ ነበር፤ የኔም ከእነሱ አንዱ ነው። የባትሪ እናት ዳኑ፣ ዛሬ በእግራቸው ገበያ ይወጣሉ። ወደ አኼራ የሄደችው አክስቴ ናት፣ አምና ከረመዳን በኋላ። ስልኳ ራስጌዋ ነበር፤ ባትሪው ሙሉ ነው።

አሁን መልእክቱን ከፈትሁት። የጻፈልኝን ሰው ፎቶ ፈለግሁ፣ የለውም። ስሙም ስም አይመስልም። እንዲህ ይላል፦ «አሰላሙ አለይኩም። ግሩፑ ውስጥ አዲስ ነኝ። ስለ ጆሮ ማዳመጫ ልጠይቅሽ ነበር፣ እዚህ መጀመሪያ ስለ እናት ይጠየቃል አሉኝ። እናትሽ ደህና ናት?»

ለምን እንደሚጠየቅ አያውቅም። ማን እንዳስጀመረውም አያውቅም። እኔ ያደግሁት እናት እንደሌለኝ በሚያውቅ ሰፈር ነው፤ ሰኞ ገበያ ያለውም፣ ግሩፑ ውስጥ የሚያውቀኝም ሁሉ፣ እንዳይከፋኝ ብሎ፣ ሲያገኘኝ ይህችን አንዲት ጥያቄ ዘሎ ነው ሰላም የሚለኝ። በዕድሜዬ እናትሽ ደህና ናት ተብዬ ስጠየቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የተጠየቅሁትም አክስቴ ባስለመደችው አፍ ነው።

ከረጢቱን ጉንጬ ላይ አድርጌ አለቀስሁ። ሲወጣልኝ «ደህና ነበረች» ብዬ ጻፍሁና አጠፋሁት። «አልሐምዱሊላህ» አልሁ። «የአንተስ?»

እየጻፈ ነው። የጆሮ ማዳመጫው ይደርሳል።