አረንጓዴው መብራት

«ማዶ ለማዶ መብራት ቢበራ፣
ልቤ ተሻገረ... ተሻገረ...»

ቨርና ፕሩይት ከዚያ ወዲያ ያለውን ረስታዋለች። እናቷ ሰሃን ስታጥብ የምታንጎራጉረው ዘፈን ነበር። ናሽቪል ካለው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ወጥታ እስከ ተራራው ድረስ መኪናዋን እየነዳች ያንኑ ደጋገመችው። ዝም ካለች ያ የአባላቱ ድምፅ በመብራት የሚታይበት ሰሌዳ ዓይኗ ላይ ይመጣባታል።

መጀመሪያ የተመረጠችው ፀጉሯ ገና ጥቁር ሳለ፣ የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳቷን ትታ ነው። እዚያ ምክር ቤት ለአዲስ ተመራጭ አንድ ወግ አለ፤ የመጀመሪያ ረቂቁን ሲያቀርብ ሁሉም ተማክረው የተቃውሞውን ቁልፍ ይጫኑበታል። የእሷ ተራ ሲደርስ ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር በተቃውሞ መብራት ቀላ። ቨርና ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል፣ አጠገቧ የሚቀመጠው ሆይት በሳቅ ተንፈራፈረ።

«የት ልትሄጂ ነው አንቺ ሴትዮ! ቁጭ በይ! ምናለ ፊትሽን ባየሽው!»

መብራቱ አንድ በአንድ ወደ ድጋፍ፣ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደደቻቸው። ለቅሷቸውን ደረሰች፣ የልጆቻቸውን ሠርግ በላች፣ ሆይት ለአገሩ ለጠየቀው ድልድይ ከሁሉ ቀድማ ድምጿን ሰጠች።

የዛሬው ረቂቅ የመጨረሻዋ ነበር፤ ዳግመኛ አትወዳደርም። የለመነችውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሷ ከተማ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል እንዳይዘጋ። ከተዘጋ ምጥ የያዛት ሁሉ ያንን ተራራ በመኪና ልትሻገር ነው። የእህቷ የዶቪ ልጅ ኬልሲ ደግሞ መውለጃዋ ተቃርቧል።

ሰሌዳው ቀላ።

ቨርና ፈገግ አለች። የመሰናበቻ ቀልድ መሰላት።

«እናንተ ክፉዎች! በእርጅናዬም?» አለችው ሆይትን።

ሆይት ጣቶቹን ያያል።

«ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ። አሁን ይለወጣል።»

«ቨርናዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዛሬስ ቀልድ አይደለም። ፓርቲው... በጀቱ...»

የእሱም መብራት ቀይ ነበር። አፈ ጉባኤው ረቂቁ ወደቀ ብሎ መዶሻውን ሲመታ ፈገግታዋ እንደ ተረሳ ዕቃ ፊቷ ላይ ቀርቶ ነበር።

ቨርና ከእህቷ ከዶቪ ወጥ ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። ኮቷን ሳታወልቅ ሰሃን ማጠቢያው ጋ ቆማ፣ ያንኑ ዘፈን እያንጎራጎረች ንጹሑን ብርጭቆ ታጥብ ጀመር።

«ቁጭ በይ እንጂ፣ ቦሎቄው ቀዘቀዘ» አለች ዶቪ።

«አልራበኝም። ይቺን ልጅ በምን ዓይኔ ልያት?»

ኬልሲ ሆዷን ደግፋ ተነሣችና ወንበር ሳበችላት።

«አክስቴ፣ ያንን መንገድ በበረዶ እንኳ አውቶቡስ ነድተሽበታል። ምጤ ሲመጣ ትነጂልኛለሽ። ስለዚህ ብይ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል።»

ቨርና ቧንቧውን ዘጋች፤ እንባዋ ግን ወረደ። ዶቪ የበቆሎ ዳቦውን እየቆረሰች፣ ቀና ሳትል የእናታቸውን ዘፈን ከቆመበት አዜመች።

«ልቤ ተሻገረ እግሬን ሳይጠራ።»

«ለካ እሱ ነው!» አለች ቨርና፣ እንባዋን በእርጥብ እጇ እየጠረገች።

ኮቷን እንደለበሰች ቁጭ አለች። ዳቦውን የቦሎቄው መረቅ ውስጥ ነከረችና ጎረሰች።