ቃሬዛው ያለፈበት ቅዳሜ፦ ከቡታጅራ ፒያሳ ደርሶ መልስ

ማለዳ፣ ከቡታጅራ

በቅዳሜ ማለዳ ከቡታጅራ የተነሣነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ሸምሱ። ሰፈራችንን የጎርፍ ቦይ ለሁለት ሰንጥቆታል፤ መሻገሪያ ድልድይ ያስፈልገናል። ድንጋይም ጉልበትም ሞልቷል፤ ያጣነው ስምምነት ነው። ኮሚቴው ቦታ ይመርጣል፣ ሰው በስብሰባ ያጨበጭባል፣ ለሥራ ሲጠራ ግን የሚመጣ የለም። እኔ የሴቶች ማኅበሩ አስተባባሪ ነኝ። አራዳ የምትኖረው የኮሌጅ ጓደኛዬ ሰናይት፣ “እኛም እንደ እናንተ ነበርን፤ ቅዳሜ ኑና እዩ” ስትለኝ ጋሽ ሸምሱን ለምኜ አስነሣኋቸው።

“ለድልድይ ብሎ አዲስ አበባ መሄድ ምንድን ነው?” አሉ ሚኒባስ ውስጥ እየገቡ። “እነሱ እንኳን ሜዳውን ወንዙንም በአስፋልት የሚሻገሩ ሰዎች ናቸው።”

የእንሰቱ ቅጠል ገና ጤዛውን አላራገፈም። ቡኢ ላይ ወርደን ትኩስ ዳቦ በሻይ ቀመስን፤ ጢያን አለፍን፤ አዋሽን ከተሻገርን በኋላ ሜዳው ተዘረጋ። ዓለም ገና ስንደርስ መኪናው በመኪና ታጠረና ጉዟችን የኤሊ ሆነ። ከመናኸሪያው በታክሲ ወደ ፒያሳ ስንሄድ ረዳቱ ጋሽ ሸምሱን፣ “ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ! ወንበሩን የያዘው ጋቢዎ ነው፤ እሱም ይከፍላል?” አላቸው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

ረፋድ፣ ፒያሳ

ጊዮርጊስ ጋ ወረድን። ጋሽ ሸምሱ ፒያሳን የሚያውቋት በወጣትነታቸው ነው። የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች ተደርድረው የነበሩበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድና ገና ሥር ያልያዙ ችግኞች አሉበት። ለረጅም ጊዜ ዞር ዞር ብለው አዩ።

“ወርቅ ቤቶቹስ?”

“ጥቂቶቹ አሉ” አልኳቸው።

ሰናይት መጥታ አቅፋ ሳመችኝና ቁልቁል ይዛን ወረደች። ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ወደ ወንዝ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ፣ እርስ በርሳቸው የተደጋገፉ የቆርቆሮ ቤቶች አሉ። ወደ ሰፈሩ የሚያስገባው መንገድ ቀድሞ የተሰባበረ ደረጃ ነበር። ባለፈው ክረምት አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ይዟት በፍራሽ ተሸክመው ሲያወጧት መታጠፊያው አላሳልፍ አላቸው፤ እዚያው ደረጃው ላይ፣ በዝናብ፣ ወለደች። እናትም ልጅም በፈጣሪ ቸርነት ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ነው ሰፈርተኛው ደረጃውን አፍርሶ በድንጋይ ንጣፍ ለዘብ ያለ መንገድ መሥራት የጀመረው። ሥራው ከላይም ከታችም ተጠናቆ መሐል ላይ ቆሟል።

ያቆመው የጋሽ ወልዴ ሱቅ ነው። የቆርቆሮ ግድግዳው መታጠፊያው ላይ ወደ መንገዱ ገፍቶ ወጥቷል። እሳቸው ደግሞ አልነካም ብለዋል።

“ለምን ወረዳ ሄዳችሁ አታስፈርሱትም?” አሉ ጋሽ ሸምሱ።

“ይቻላል” አለች ሰናይት። “ግን ነገ ከማን ጋር ልንኖር ነው? ዛሬ ሁሉም ሰው በተገኘበት መንገዱን በቃሬዛ እንሞክረዋለን። እሳቸውንም ጠርተናል።”

ቁልቁለቱ ላይ

ከጤና ጣቢያ ቃሬዛ ተውሰዋል። በሽተኛ ሆነው ለመተኛት ፈቃደኛ የሆኑት እትዬ አስካለ የሚባሉ የሰፈሩ አንጋፋ ናቸው። ነጠላቸውን አደግድገው ወጡና ተጋደሙ።

“ሳልሞት ቃሬዛ ላይ ወጣሁ! ዕድሮች፣ አደራ ድንኳን እንዳትተክሉ!”

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ሦስት ሸካሚዎች ቆመዋል፤ አራተኛው እጀታ ባዶ ነው። እትዬ አስካለ ተኝተው ወደ ሱቁ ጮኹ፦ “ወልዴ! የምታውቀኝ ስኳር ስገዛ ብቻ ነው? ና ያዝ እንጂ!”

ጋሽ ወልዴ ከባንኮኒያቸው ኋላ ቆመው ነበር። ፊታቸው አልተፈታም፤ ግን ሰው ሁሉ ሲያያቸው ወጡና ያዙ። መውጣት ተጀመረ። እኛም ከኋላ ተከተልን። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቃሬዛው አልዞር አለ። ወደ ግራ አዘነበሉት፤ ያኔ እትዬ አስካለ ተንሸራተቱ፤ የምራቸውን ጮኹ። ሳቁ ቀጥ አለ። ጋሽ ወልዴ በደረታቸው ደግፈው ያዟቸው፤ ክንዳቸውን የገዛ ቆርቆሯቸው ቧጨረው።

“አውርዷት! ቀስ ብላችሁ አውርዷት!” ብለው ጮኹ ጋሽ ወልዴ።

አሮጊቷ መሬት ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ጋሽ ወልዴ የደማውን ክንዳቸውን ሳይሆን መታጠፊያውን ያያሉ።

“ልጅቷ ደረጃው ላይ የወለደች ቀን እኔ አልነበርኩም” አሉ ቀስ ብለው። “ወሬውን ነው የሰማሁት። ግን እናንተስ? ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህች ሱቅ ነው። ከፊቷ ስቆርጥ ዕቃው የት ይገባል? የጠየቀኝ አለ?”

የመለሱላቸው ያልጠበቅኳቸው ሰው ናቸው፤ ጋሽ ሸምሱ። “እውነታቸውን ነው። እንግዲህ አሁን እንጠይቅ” አሉ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባው መንገድ ላይ ሆነ። አንድ አናጢ ገብቶ መደርደሪያውን ወደ ጎን ማዞር እንደሚቻል አሳየ። ከሱቁ ጀርባ የሚኖሩት ሴትዮ፣ በእሳቸው ግድግዳና በሱቁ መካከል ያለችው ክፍተት ቆሻሻ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም እንደሌላት ተናገሩ፦ “ወደ ኋላ ግፋ፣ ለእኔም አይጥ ይቀንስልኛል!” ወረዳው እንዳይከለክል ሰናይትና ሁለት ሽማግሌዎች ሄደው ለማነጋገር ተስማሙ። ጋሽ ወልዴ ሲያዳምጡ ቆዩና፣ “ወረዳው ከፈቀደ፣ መቼ ነው የምትጀምሩት?” አሉ።

ከሰዓት በኋላ

ወረዳው ከንጣፉ ሥራ ጋር አያይዞ ፈቀደ። ቅዳሜም ቢሆን እነ ሰናይት ተረኛ ኃላፊ አግኝተዋል። ከዚያ የሆነውን ማየት ነበር! ብስኩቱ፣ ሳሙናው፣ ዘይቱ በሳፋ በሳፋ ወጣ። እኔ የፓስታ ካርቶን ተሸከምኩ፤ ጋሽ ሸምሱ ጋቢያቸውን አጥር ላይ ጥለው ሚስማር ይነቅላሉ። አንዷ ወጣት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ውኃ ታቀብላለች፤ ደረጃው ላይ የወለደችው እሷ እንደሆነች ኋላ ነው የነገሩኝ። ቆርቆሮው ወደ ኋላ ሄዶ ተመታ። ዕቃው ተመልሶ ሲገባ አንድ ክብሪት አልጎደለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቃሬዛው እንደገና መጣ። ጋሽ ወልዴ ማንም ሳይጠራቸው የፊተኛውን እጀታ ያዙ። መታጠፊያው ላይ ቃሬዛው ሳይጋደል ዞረ፤ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ እልልታው ተነሣ። መኪኖች እንኳ ቆመው አዩን። እትዬ አስካለ ከላይ ሆነው እጃቸውን እያወዛወዙ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ብታመምም አልፈራም!” አሉ።

ምሽቱን ሰናይት ኬክ ቤት አስገባችንና ማኪያቶ ጋበዘችን። ጋሽ ሸምሱ ዋጋውን ሰምተው፣ “በዚህ ብር እኛ ጋ ቤተሰብ ሻይ በዳቦ ይጠጣበታል” አሉ፤ ግን ኬኩን አልተዉም። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ “ሙና፣ ቦይ ማዶ ያሉትን ሰዎች ‘የት ትሻገራላችሁ?’ ብለን ጠይቀናቸው እናውቃለን?” አሉኝ። አናውቅም።

ቤት

እሑድ ከሰዓት ቡታጅራ ገባን። በሳምንቱ ሰፈርተኛውን የጠራነው አዳራሽ ውስጥ አይደለም፤ ቦዩ ዳር ነው። ከወዲህም ከወዲያም አብረን ተጓዝን። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች፣ ከብት የሚነዱ ሰዎች፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ እየቆሙ ተናገሩ፤ ክርክሩም ጦፈ። በመጨረሻ የኮሚቴው ምርጫ ቀረ፤ ድልድዩ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ከሁለቱም ወገን የእግር መንገድ በሚገናኝበት ቦታ እንዲሠራ ተስማማን። ለሥራ በጠራንበት ቀን አካፋ ይዞ የመጣው ሰው በዝቶ ተራ ማስያዝ ነበረብን።

እኔ ከፒያሳ የተማርኩት ይህን ነው፤ ሰው ለመከረበት ሥራ ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነሣል። ድልድዩ ዛሬ ቆሟል። በተመረቀበት ጠዋት ማን ቀድሞ ይለፍ የሚል ጭቅጭቅ ተነሥቶ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ሊወስኑ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉና ሕዝቡን ጠየቁ። ከወዲያ ማዶ ያሉት መጡ፣ ከወዲህ ያለነውም ሄድን፤ መሐል ላይ ተገናኝተን ተቃቀፍን።