ላስቲክ ያለው ጤፍ

ልጄን ታሪክና ሳይንስ ማስተማር እስከ አሁን ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ ዶላር አስወጥቶኛል። ይህ ለመጻሕፍት፣ ለግራም ሚዛን፣ ለተሰበረ ብርጭቆና ከመደርደሪያ ለወረደ ዱቄት የወጣው ነው። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ሳቋርጥ አባቴ እስከዚያ ያወጣብኝ ቢደመር የዚህን ሩብ አይሞላም። ልዩነቱ፣ እኔ ተምሬ ማንንም አላከሰርኩም።

የቤት ትምህርቱን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ሦስት ቤተሰቦች አሉ። አንድ እሁድ ከእነሱ ጋር ሻይ ጠጥታ መጣች፤ በሳምንቱ ደብዳቤው ለትምህርት ቦርዱ ተልኳል። "ተማክረን የወሰንነው" ትላለች እስከ ዛሬ። ሒሳብና እንግሊዝኛን ለራሷ ያዘች። ነርስ ስለሆነች፣ የሆስፒታል ሺፍቷም ስለሚቀያየር ታሪክና ሳይንስ ለእኔ ደረሱኝ። ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ያለችው የቅመማ ቅመም ሱቄ ከጀርባዋ ትንሽ ኩሽና አላት። ያኔ አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጃችን እዚያ እንድትውል ተወሰነ።

"እኔ ምን አውቄ ነው የማስተምራት?" አልኳት።

"አንተ አታስተምራት። አጠገቧ ሁን፤ መጽሐፉ ያስተምራታል።"

መጽሐፉ የካናዳን የቅኝ ግዛት ዘመን የሚጀምረው ከቆዳ ንግድ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ኩባንያ ለአገሬው ሰው ብርድ ልብስና ድስት ይሰጣል፤ በምትኩ የቢቨር ቆዳ ይወስዳል። ልጄ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ኮረሪማ እየለቀምኩ እሰማለሁ።

"ብርድ ልብሱን በስንት ገዝተው አምጥተውት ነው?" አልኳት።

"ባባ፣ ጥያቄው እሱ አይደለም።"

"ጥያቄው ሁልጊዜም እሱ ነው።"

ቀጥሎ ውሎቹ መጡ። በአንደኛው ውል አገሬው መሬቱን ይለቃል፣ በለውጡ ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት አራት ዶላር ይከፈለዋል። ሌሎቹ ደግሞ "ፀሐይ እስካበራች፣ ወንዝ እስከፈሰሰ ድረስ" ተብሎ ቃል የተገባባቸው ናቸው። አራቱ ዶላር ከመቶ ዓመት በኋላም አራት ዶላር ነው። ሳላስበው አፏጨሁ። እነዚህ ሰዎች መርካቶ ቢገቡ ኖሮ ለእኛ አንድ በረንዳ አይተርፈንም ነበር። ልጄ መጽሐፉን ዘጋችብኝ።

"አድናቂያቸው ነህ እንዴ? ወረቀቱ ላይ ያለውና በቃል የተነገራቸው አንድ እኮ አልነበረም!"

"ሳያነቡ ለምን ፈረሙ?"

"አንተ የሱቁን ሊዝ አንብበኸዋል?"

ደንበኛ መጣ ብዬ ወደ ፊት ወጣሁ። ደንበኛ አልመጣም ነበር።

ሳይንሱ ይሻላል ብዬ ነበር። መጀመሪያ ላይ ተሽሎ ነበር። በቀይ ጥቅል ጎመን ውሃ ሎሚን ከቤኪንግ ሶዳ ለየች። እርዷን በሶዳ አቅልታ የበርበሬ ዋጋ ላወጣላት ጥቂት ቀረኝ። ከዚያ "ዱቄት" የሚለው ምዕራፍ ደረሰ። እዚህ ላይ ስለ ጤፌ መናገር አለብኝ።

ጤፉን የማመጣው ሬክስዴል መጋዘን ካለው ያገሬ ልጅ ነበር። ከሌላው አስመጪ በከረጢት ስድስት ዶላር ይረክሳል። ለምን እንደሚረክስ አልጠየቅኩትም። ያገር ልጅን መጠየቅ መጠርጠር ነው፤ ደግሞም መልሱ ዋጋውን ሊያስጨምረው ይችል ነበር። ዱቄቱ እንደ ወተት ነጭ ነው። እንጀራው ለስላሳ ነው፣ በሦስተኛው ቀን እንኳ አይሰነጠቅም። ደንበኛ እጄን ስሞ ነው የሚሄደው። "ንጹህ ማኛ ጤፍ" የሚለውን ወረቀት አሳትሜ እያንዳንዱ ከረጢት ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ከደንበኞቼ ሁሉ ታማኟ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከፓርክዴል በሰብዌይ ባቡር የሚመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሐኪም ስንዴ የሚባል ነገር ከልክሏቸዋል፤ ከቀመሱ አንጀታቸው ይቆስላል። ስለዚህ የሚበሉት ከእኔ ጤፍ የጋገሩትን ብቻ ነው። ሆዳቸው ግን እንደተነፋ ነው፤ በየወሩ ሲመጡ ትንሽ ከስተው ነው የሚመጡት።

"እማማ፣ የቶሮንቶ ውሃ ይሆናል" እላቸዋለሁ።

"ይሆናል ልጄ። አንተ ባትኖር ምን እበላ ነበር? ጌታ ይባርክህ።"

ወደ ምዕራፉ ልመለስ። ልጄ ሦስት ሊጥ ለወሰች፤ አንዱን ከፉርኖ ዱቄት፣ አንዱን ከሱፐርማርኬት ከገዛችው የአንድ ኩባንያ ጤፍ፣ አንዱን ከእኔ። እያንዳንዱን በነጠላ ቁራጭ ቋጥራ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ታሸዋለች። ነጩ ውሃ ታጥቦ ሲያልቅ ከስንዴው እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር ይቀራል፤ ግሉተን ይሉታል። ጤፍ ያ ነገር የለውም፤ ሁሉም ታጥቦ ይሄዳል። የሱፐርማርኬቱ ጤፍ ታጥቦ ሄደ።

የእኔ አልሄደም።

"ባባ፣ የኛ ጤፍ ላስቲክ አለው።"

"ጠንካራ ጤፍ ነው።"

"ጤፍ ግሉተን የለውም። ቴስት ያደረግኩት ሁለቴ ነው።"

"ሦስተኛ አድርጊ።"

አደረገች። በሁለት ጣቷ ይዛ ከአፍንጫዬ ሥር ሳበችው፤ ተለጠጠ። ወደ መደርደሪያው ሄዳ በእጄ የለጠፍኩትን ወረቀት ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እማማ የሚበሉት ይሄን ነው አይደል?" አለችኝ።

ለባለ መጋዘኑ ኮል አደረግኩ።

"ወንድሜ፣ ጤፍህ ውስጥ ስንዴ አለ እንዴ?"

"ስንት ዓመት ሸጥከው?"

"ሦስት።"

"ማን ቅሬታ አቀረበ?"

"ማንም።"

"ታዲያ አሁን ማን ጠየቀ?"

"ልጄ።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"አሥራ አንድ።"

"ትምህርት ቤት አስገባት እንጂ!" ብሎ ዘጋው።

ቅዳሜ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል። እኔ አንድ ዘዴ አሰብኩ፤ ለነገሩ ዘዴ አጥቼ አላውቅም። ዱቄቱን በጸጥታ ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፣ ከውዱ አስመጪ እውነተኛውን አመጣለሁ፣ ለአሮጊቷ በዚያው በድሮው ዋጋ እሰጣለሁ። ሆዳቸው ይሻላቸዋል፣ ጌታን ያመሰግናሉ፣ እኔም በልቤ አብሬያቸው አመሰግናለሁ። ማን ተጎዳ?

ልጄ ሰምታኝ ስትጨርስ ጥቅል ጎመኗን መክተፍ ቀጠለች።

"እኔ አልነግራቸውም" አለች። "ግን ሳትነግራቸው ዱቄቱን ከሰጠሃቸው እኔ ኩሽናው ውስጥ ነኝ። አልወጣም፣ ሰላምም አልላቸውም። ዓይናቸውን ማየት አልችልም።"

ባለቤቴ ከሥራ ስትመጣ ነገርኳት፤ እንደምታግዘኝ ገምቼ ነበር። ግሉተን እንዲህ ያለ ሕመም ያለበትን ሰው ምን እንደሚያደርግ፣ አንጀቱ ምን እንደሚመስል፣ በነርስ ቋንቋ አስረዳችኝ። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ቅዳሜ አሮጊቷ መጡ። ባዶ ጋሪያቸውን እየጎተቱ፣ መቀነታቸው ካለፈው ወር አንድ ዙር ጨምሯል። ወንበር ሰጠኋቸው። ስለ በረዶ አወራሁ፣ ስለ ሰብዌይ መዘግየት አወራሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ቢላው ቆመ፤ መክተፉን ትታ ታዳምጠኛለች።

"እማማ፣ ጤፉ ስንዴ አለበት።"

"የቱ ጤፍ?"

"እርስዎ የሚወስዱት። ሦስት ዓመት ሙሉ። እኔም አሁን ነው ያወቅኩት፤ ግን ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ።"

ጋሪያቸውን ለቀቁት።

"አይብ አቆምኩ" አሉ። "ሚጥሚጣ አቆምኩ። ቡና እንኳ ቀነስኩ።" ቀጥለውም፣ "ያሳመመችኝ እሷ ናት ብዬ ምራቴን ጠረጠርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቷ ሄጄ ውሃዋን አልጠጣሁም። ለፓስተሩ ሳይቀር ነግሬባታለሁ!"

የኪስ ቦርሳዬን አወጣሁ። "የሁለት ወር ዋጋ ልመልስልዎ።"

"ገንዘብህን አስገባ። ከሆዴ ጋር በሁለት ወር ልትዋዋል ነው?"

ይሄኔ ልጄ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛለች። የአሮጊቷን ጉልበት ስማ አጠገባቸው ቆመች።

"ውል እንጻፍ እማማ" አለች። "በአማርኛ። አነብልዎታለሁ፤ ያልገባዎትን እናወጣዋለን።"

ተጻፈ። እኔ በየወሩ አንድ ከረጢት እውነተኛ ጤፍ በነጻ ልሰጥ። እኔ "ለአንድ ዓመት" አልኩ። ልጄ "ወንዝ እስከፈሰሰ ድረስ" ብላ ጻፈች።

"የቱ ወንዝ?" አልኩ። ወንዙን መምረጥ ከቻልኩ የሚደርቅ አላጣም።

"ዶን" አለች። እሱ ደግሞ ከሱቄ ጥቂት ፌርማታ ወዲያ ነው፤ በክረምት በረዶ ላዩ ቢረጋም ውስጥ ውስጡን ይሄዳል።

"እሺ፣ ከረጢቱ ሠላሳ ዶላር ነው ብለሽ ጻፊ።"

"ዶላር አንጽፍም። ከረጢት ነው የምንጽፈው። ጤፍ ቢወደድ የአንተ ችግር ነው።" አራቱን ዶላር ያነበበችልኝ እሷው ናት።

አሮጊቷ ሁለቴ አስነበቡ። በሁለተኛው ንባብ እጃቸውን አነሱ።

"አንድ ይጨመር። ምራቴ ጋ አብሮኝ ይሄዳል። ሆዳቸውን ያሳመምኩት እኔ ነኝ ብሎ በአፉ ይነግራታል።"

"እማማ፣ ይሄ ከንግድ ውጭ ነው።"

"ጻፊ ልጄ።"

ጻፈች። ፈረምኩ። ምራትየው ቤት በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አብሬያቸው ሄድኩ። ቆሜ ተናገርኩ። ምራትየው ለአማቷ አንድ ብርጭቆ ውሃ አመጣች። አሮጊቷ ጠጡ።

እውነተኛው ጤፍ ጠቆር ያለ ነው፤ እንጀራው በሁለተኛው ቀን ይሰነጠቃል፣ ዋጋውም ወጣ ብሏል። ደንበኛ "የድሮው የት ሄደ?" ይለኛል፤ ልጄ ከኋላ ሆና ስለምታዳምጥ "ስንዴ ነበረበት" እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይራገማል። አንዱ እንዲያውም የስንዴውን አምጣልኝ ብሎ ለመነኝ። የአሮጊቷ መቀነት ዙሩ ተመልሷል።

እስካለፈው ወር አሥራ አራት ከረጢት ሰጥቻለሁ። አሥራ አንድ ደንበኛ ሄዶብኛል፣ አራት መጥቶልኛል። ሰባት ይጎድላል።